«ምን አጠፋ?» የማይባልበት ቡድን፦ ከልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ጋር የጀመርኩት የቡድን ምክክር

በመካከለኛ ደረጃ በሚማር አንድ የልዩ ፍላጎት ተማሪ ዙሪያ ስንት አዋቂ እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? የክፍል መምህር አለ፣ የልዩ ፍላጎት መምህርት አለች፣ ረዳት አለች፣ አንዳንዱ ጋ የንግግር ባለሙያም ይጨመራል። እኛ አማካሪዎች ደግሞ «ና እስኪ፣ ለብቻችን እናውራ» እንለዋለን። ሌላ አዋቂ፣ ሌላ ጥያቄ። ልጁ ግን አዋቂ አልጎደለውም። የጎደለው በእረፍት ሰዓት አጠገቡ የሚቆም እኩያ ነው።

ከ11 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ነገሩ ይብሳል። ታች ክፍል እያሉ ጓደኝነት ማለት አብሮ መሯሯጥ ነበር። አሁን ቀልድ መያዝ፣ አሽሙር መለየት፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ማወቅ ሆኗል። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ከእኩዮቻቸው የሚነጠሉት እዚህ ላይ ነው። ቡድን ልጀምር ያልኩትም ለዚህ ነው። እስካሁን የሄድኩበትን ላካፍላችሁ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ቡድኑን መምራት ሳይሆን ማን ይግባ የሚለው ነበር። መምህራኑን ስጠይቅ የደረሰኝ ዝርዝር ክፍል የሚያውኩት ልጆች ስም ብቻ ነው። አይገርምም። የሚጮህ ልጅ ይታያል፤ ጥግ ይዞ ወረቀት ሲቀዳድድ የሚውለው ግን ማንም ትዝ አይለውም። ያንን ዝርዝር እንዳለ ብወስደው ቡድኑ ገና ሳይጀምር የቅጣት ክፍል የሚል ስም ይወጣለት ነበር። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ስለዚህ ለመምህራኑ ሌላ ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ፦ «በእረፍት ሰዓት ብቻውን የሚቀመጠው ማነው? ጓደኛ እየፈለገ አያያዙ የጠፋበትስ?» አብዛኞቹ ስሞች ተቀየሩ።

በምርመራ ውጤት መቧደንንም አልወደድኩትም። «የኦቲዝም ቡድን»፣ «የትኩረት ችግር ያለባቸው ቡድን» ማለት ለፋይል ይመቻል እንጂ ለልጆቹ ምንም አይጨምርም። አንድ ዓይነት ምርመራ ያላቸው ሁለት ልጆች ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ያደረጋቸው ዓላማው ነው፤ ጓደኝነት መጀመርና ማቆየት። ቁጥሩን ከአራት እስከ ስድስት ብታደርጉት ይሻላል። ከዚያ ካነሰ ሁለት ልጅ የቀረ ቀን ቡድን የለም ማለት ነው። ከዚያ ከበዛ ደግሞ ተራ መጠበቁ ብቻውን ፈተና ይሆንባቸዋል። ዝምተኛውንና ተናጋሪውን መቀላቀል ጥሩ ነው። አንዱ ሌላውን ሲያስቸግር የኖረ ከሆነ ግን ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። «እዚያው ይታረቃሉ» የሚለው ተስፋ ተበዳዩን ልጅ ዋጋ ያስከፍለዋል።

ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ቀድሜ ለየብቻ አወራሁ። ክፍሉን አሳየኋቸው፣ የት እንደሚቀመጡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ማን ማን እንደሚኖር ነገርኳቸው። ከዚያ «ትፈልጋለህ?» ብዬ ጠየቅኩ። ወላጅ ስለፈረመ ብቻ ልጁ ተስማምቷል ማለት አይደለም። አንዷ «አልፈልግም» አለችና ሄደች። እኔም እሺ አልኩ። በኋላ ራሷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ለወላጆች ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ስልክ ደወልኩ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አጠፋ?» ወይም «ምን አጠፋች?» ነው። ከትምህርት ቤት ተደውሎላቸው ደህና ነገር ሰምተው አያውቁማ! ስለዚህ ስልኩ እንደተነሳ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ «ምንም አላጠፋም» ሆነ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የምስጢር ጉዳይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ የምናውቀው መርህ ግልጽ ነው፤ ልጁ ራሱን ሊጎዳ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ወይም እሱ ላይ ጥቃት እየደረሰ ከሆነ ዝም አንልም። በቡድን ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። እኔ ለራሴ አፍ ዋስትና እሰጣለሁ፤ የአምስት ልጆች አፍ ላይ ግን ዋስ መሆን አልችልም። ይህንን ለወላጆችም ለልጆቹም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ለልጆቹ ያስቀመጥኩት እንዲህ ነው፦ «የራስህን ለፈለግከው ሰው መንገር ትችላለህ። የጓደኛህን ግን እዚሁ ተወው።» ይህን በቃል ብቻ አልተውነውም፤ ተለማመድነው። «እናትህ ዛሬ ምን ሠራችሁ ብትልህ ምን ትላለህ?» እያልን በየተራ መለስን።

ከዚሁ ጋር አንድ ሕግ አጥብቄ ያዝኩ፦ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ የምለውንና የማደርገውን ሁሉ ለማንም መናገር ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የጥናቶች ግምገማ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ለጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች ልጆች 3.7 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር የተቆለፈ ነገር መያዝን ከእኛ እንዲማር አልፈልግም። የምታምኑት አማካሪ እንኳ ቢሆን!

ሰዓቱን በተመለከተ ባጭሩ፦ ልጁ ከሚወደው ትምህርት ላይ አታውጡት። ስፖርት ወይም ሥዕል አስቀርታችሁ ካመጣችሁት ገና ሲገባ ተቀይሟችኋል። ከእረፍት ላይማ በጭራሽ። ክፍሉ ደግሞ ጸጥ ያለ ይሁን። የሚርገበገብ አምፖል ካለ ይቀየር። ክብ ሠርቶ ያለ ጠረጴዛ መቀመጥ ለአዋቂ ቡድን ያምራል፤ የኛ ልጆች ግን እጃቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ሲኖር ይረጋጋሉ። እያንዳንዱ ፊት ለፊት አንድ ቀይ ካርድ አለ። ካርዱን ያነሳ ልጅ ምክንያት ሳይጠየቅ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ሄዶ ይቀመጣል፣ ሲሻለው ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ይሠራ እንደሆነ ለማየት አነሱት። መሥራቱን ሲያውቁ ማንሳቱ ቀነሰ።

የምንገናኝበት ግማሽ ሰዓት ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፤ ሰላምታ፣ የስሜት ልኬት፣ የዕለቱ ልምምድ፣ ጨዋታ፣ ስንብት። ግድግዳው ላይ በሥዕል ተለጥፏል፣ ያለቀውን አንዱ ልጅ ይነሳና ይገለብጠዋል። ለእኔ አሰልቺ ነው። ለእነሱ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ግማሽ እፎይታ ነው። ጨዋታው ለጥሩ ጸባይ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ልጅ ስላስቸገረ ጨዋታ አይከለከልም፤ ጓደኝነት የሚለመደው እዚያው ጨዋታው ላይ ስለሆነ።

የስሜት ልኬቱ ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተጻፈበት ቴርሞሜትር ነው። 1 ረጋ ያለ፣ 5 ሊፈነዳ የደረሰ። አንድ ልጅ አለ፣ ጣቱን ሁልጊዜ 3 ላይ ነው የሚያደርገው። ተደስቶም 3፣ ተናዶም 3። ብዙ የኦቲዝም ተጠቂ ሰዎች የራሳቸውን ስሜት ለይተው መሰየም ይከብዳቸዋል፣ በሙያው አሌክሲታይሚያ ይባላል። ስለዚህ «ምን ይሰማሃል?» የሚለውን ትቼ ስለ ሰውነቱ መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሒሳብ ፈተና ወጥቶ መጣ። ጣቱ እንደተለመደው 3 ላይ።

«እጅህ ምን እያደረገ ነው?» አልኩት።

እጁን አየው። «ጨብጧል።»

«ጥርስህስ?»

«ነክሶ ይዟል።»

አጠገቡ ያለው ልጅ ጣልቃ ገባ። «እኔ እንደዛ ስሆን 4 ነኝ» አለው። ልጁ ትንሽ አሰበና ጣቱን ከ3 ወደ 4 ገፋው። እኔ ያንን ብነግረው አይቀበለኝም ነበር። ከእኩያው ሲመጣ ግን ተቀበለው። ቡድን ከአንድ ለአንድ ምክር የሚለይበት ነገር ይኸው ነው።

ስለ ዝምታም ላንሳ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ምን ያህል እንደሚጠብቁ ስትለካ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ተማሪዎችም መናገር ጀመሩ። ለኛ ልጆች 3ም ያንሳል። እኔ በልቤ እስከ አስር እቆጥራለሁ። ሞክሩት፣ ከባድ ነው። በተለይ ረዳቶች አይችሉም፤ ልጁ አፉን ሳይከፍት እነሱ መልሰውለት ያርፋሉ። ከረዳቷ ጋር ቀድመን ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ሥራዋ መመለስ ሳይሆን አብሮ መጠበቅ እንደሆነ። ከቡድኑ አንዷ በታብሌት ላይ ቃል እየነካች ነው የምታወራው። ዓረፍተ ነገሯን እስክትጨርስ ሌሎቹ በግምት ያሟሉላት ነበር። አንድ ቀን ግን ከመካከላቸው በጣም ችኩሉ እጁን ዘርግቶ «ቆይ፣ ቆይ፣ እየጻፈች ነው» አለ። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

መፋጠጡም አልቀረም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሩስ ተክማን እ.ኤ.አ. በ1965 ቡድኖች ተመሥርተው፣ ተጋጭተው፣ ሕግ አበጅተው ነው ወደ ሥራ የሚገቡት ብሎ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ከሜሪ አን ጄንሰን ጋር ሆኖ መለያየትን አምስተኛ ደረጃ አድርጎ ጨመረ። ልጆቹ ተላምደው ፈራ ተባ ማለቱ ሲለቃቸው ጠቡ መጣ። ሁለቱ በካርታ ጨዋታ ሕግ ላይ ተጣሉ፣ አንዱ ካርታውን በተነው። ጨዋታው ቆመ። ወረቀት አወጣሁና በዱላ መስመር ሁለት ሰው ሣልኩ፤ እንደ ካርቱን ካፋቸው የወጣውን ባንድ አረፋ፣ በሆዳቸው የነበረውን በሌላ አረፋ እንዲጽፉ ሰጠኋቸው። ካሮል ግሬይ የተባለች መምህርት በ1990ዎቹ ያስተዋወቀችው ዘዴ ነው። የበተነው ልጅ በሐሳብ አረፋው ውስጥ «ሕጉን የቀየሩት እኔን ለማስወጣት ነው» ብሎ ጻፈ። ሌላው አነበበውና «እኛ ቤት እንደዚህ ነው የምንጫወተው እኮ!» አለ። ይቅርታ ተባባሉ አልልም። ካርታውን ግን አብረው ለቀሙ።

ከልምምዶቻችን ውስጥ የወደድኩት ሲጫወቱ ያሉ ልጆች መሃል የመግባቱ ነው። አዋቂዎች «ሄደህ አብሬያችሁ ልጫወት በላቸው» ብለን እንመክራለን። በዚህ ዕድሜ ያለ ማንም ልጅ እንደዚያ አይልም፤ ቢልም መሳቂያ ነው። እውነተኛው አገባብ ሌላ ነው። ጠጋ ብሎ ያያል፣ ያዳምጣል፣ ጨዋታው ጋብ ሲል ስለ ጨዋታው አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ቦታ ከሰጡት ይገባል፣ ካልሰጡት ይሄዳል። መሄዱንም ተለማመድን። አለመቀበል ለሁሉም ልጅ እንደሚደርስ፣ ሲደርስም ወዴት መሄድ እንደሚቻል።

ዓይን ለዓይን መተያየትን ግን አላስተምርም። ባልደረቦቼ አይስማሙበትም፣ ይሁን። ራሱ የኦቲዝም ተጠቂ የሆነው የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 «ድርብ የመረዳዳት ችግር» ብሎ የሰየመው ነገር አለ፤ አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው፣ አንዱ ብቻ የሚታረም አይደለም ይላል። ልጁ ጠረጴዛውን እያየ በደንብ የሚሰማኝ ከሆነ ጠረጴዛውን ይይ።

ለውጡን የምመዝነው ክፍሉ ውስጥ ባለው አይደለም። እኔ ፊት ሁሉም ጎበዝ ነው። የልዩ ፍላጎት መምህርቷ በእረፍት ሰዓት ማን ከማን ጋር እንደቆመ በአጭሩ ትመዘግባለች፤ ቡድኑ ከመጀመሩ በፊትም መዝግባለች። እስካሁን ሁለቱ ከክፍላችን ውጭ አብረው መቀመጥ ጀምረዋል። ሌሎቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ብቻ ናቸው ጓደኛ። ይህ ያሳስበኛል። ክፍል ውስጥ የተማሩትን ወደ ግቢ ማውጣት ለነዚህ ልጆች በራሱ ሌላ ትምህርት ነው።

የቡድኑ ማብቂያ ቀን ከአሁኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ እስከዚያ ያለው ቀን ባለፈ ቁጥር እየተሰረዘ። ረዳት ሲቀየርባቸው፣ መምህር ድንገት ሲሄድባቸው የኖሩ ልጆች ናቸው። በሚቀጥለው ተርም ከመደበኛው ክፍል ሁለት ተማሪዎች ልጨምር አስቤያለሁ፤ ወዳጅነቱ ወደ ግቢ እንዲወጣ። ከእነሱም ጋር ቀድሜ ለየብቻ አወራለሁ፣ ወላጆቻቸውም ይፈቅዳሉ። እንደማንኛውም አባል ቀይ ካርድ ይኖራቸዋል፣ ተራም ይጠብቃሉ። «ልረዳቸው ነው የመጣሁት» የሚል ልጅ ከመጣ ግን አመስግኜ እመልሰዋለሁ፤ አዋቂው በዝቷል ብለን የጀመርነው ቡድን ውስጥ ሌላ ትንሽ አዋቂ አልጨምርም።