ደሴ ላይ የደረቀችውን ጨፌ እንዴት መለስናት

ደሴ ቦርከና ዳር፣ ከሰፈራችን ግርጌ ስላለችው ጨፌ፣ ማለትም ረግረጋማ የሳር ሜዳ፣ ብዙ ሰው "እንዴት አደረጋችሁት?" እያለ ስለሚጠይቀኝ እስቲ ልጻፈው። ጨፌ ሲደርቅ ሁሉም ሰው ቶሎ የሚመጣለት ችግኝ እንትከል ነው። ጨፌ ግን ጫካ አይደለም፣ የሚፈልገው ውሃ ነው። እኛ ጋ እንደውም ካደረቁት አንዱ ዳር ዳሩን የተተከለው ባህር ዛፍ ነው፣ ሌላው ደግሞ መሬቱ እንዲጠነፍፍ ተብሎ ድሮ መሃሉ ላይ የተቆፈረው ቦይ።

ስለዚህ ከቦዩ ጀመርን። አንድ ትልቅ ግድብ ቢሆን የሐምሌ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ይዞት ይሄዳል፣ እኛ ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ ትንንሽ ክትር ነው የሰራነው፣ ኬሻ ውስጥ ዋልካ አፈር ሞልተን፣ የቆረጥነውን ባህር ዛፍ ደግሞ ችካል አድርገን። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ክትሩ ሁለቱም ጫፉ የቦዩ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ መቀበር አለበት፣ አለዚያ ውሃው ዞሮ ጎኑን ይበላዋል። መሃሉ ከጫፎቹ ዝቅ ይበል፣ የሞላው በዛ እንዲያልፍ። ውሃው ፍጥነቱ ሲቀንስ ደለሉን እዛው ይጥላል፣ ቦዩ በራሱ ጊዜ እየሞላ ይመጣል። ቄጠማም ፊላም አልተከልንም፣ ዘሩና ስሩ አፈር ውስጥ ነበር፣ ውሃ ሲያገኝ ወጣ። የባህር ዛፉ ጉቶ ግን ስለሚያቆጠቁጥ በየክረምቱ መልቀም ነው።

ፌስታልና ሃይላንዱን ቱቦው አፍ ላይ በሽቦ ወንፊት እንይዛለን፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር መጥረግ ግድ ነው። ባጃጅ የሚያጥቡት ልጆችም ተነጋግረን ከውሃው ራቅ ብለዋል።

ከባዱ የሰዉ ነገር ነው። ይሄን ሁሉ የምንለፋው በተለይ ሩዤ ሬይል ለሚሏት ወፍ ነው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለችም፣ ረግረጉ በግጦሽና በእርሻ እያለቀባት ለመጥፋት አደጋ ከተቃረቡት ተርታ ገብታለች። ጀርባዋ ቡኒ፣ ሆዷ ቀይ ዳማ፣ ስትራመድ ጅራቷን ብድግ ስታደርግ ከስሩ ነጩ ብልጭ ይላል። ባለፈው ነሐሴ ጥቋቁር ጫጩቶቿን አስከትላ ከቄጠማው ስትወጣ አይቼ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ክረምቱን ጎጆዋ ቄጠማው ውስጥ ነው፣ ቄጠማ ደግሞ በደንብ የሚሸጠው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል! ጉዳዩን ቅሬው፣ ማለትም የሰፈራችን እድር፣ ላይ አቀረብነው። አንዲት እናት "ልጄ፣ ወፏም ትፈልፍል፣ ላሜም አትራብብኝ፣ እንደዛ አርጋችሁ ተናገሩ" አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ከዛ ተስማማን፣ ክረምቱን ከብት አይገባም፣ ሳሩ ከዳር ዳሩ ታጭዶ ለየቤቱ ይካፈላል፣ የበዓል ቄጠማም ከዳሩ ብቻ ይቆረጣል፣ መሃሉ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አይነካም። ቃለ ጉባኤ ተይዞ ተፈረመ። አጥረን ዘበኛ ብናቆም ኖሮ በሌሊት ይታጨድ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

አሁን ያስቸገረን ውሻ ነው፣ ማታ ማታ ጎጆ እያሸተተ ይገባል፣ ለሱም ከጎረቤት ጋ እየተመካከርን ነው። ደግሞ ከኛ የሚወርደው ውሃ ዶሮ መዝለያን አልፎ ኮምቦልቻ፣ ከዛም ጨፋ ረግረግ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ኮምቦልቻ ያላችሁ ልጆች እንዲህ ያለ ቦታ ካላችሁ ክትሩን ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ጨርሱ፣ ቅሬውን ግን ከዛም በፊት አናግሩ።