ፔፒን ሐይቅ ላይ ያቅማማ ሞተር

ከሚኒያፖሊስ ተነስተን በሀይዌይ 61 ወደ ሌክ ሲቲ ወረድን። ሄስቲንግስንና ሬድ ዊንግን አለፍን። ጀልባዋን በተጎታች ስለያዝን ቀስ ብለን ነው የነዳነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ከሬድ ዊንግ በኋላ ግን ሚሲሲፒ ወንዝ ሰፍቶ ሐይቅ ይሆናል። ፔፒን ሐይቅ የሚባለው እሱ ነው። በአንድ በኩል ሚኒሶታ፣ በሌላው ዊስኮንሲን።

ስኪ የሚወድ ሰው ይህን ውሃ ሳያይ ባይቀር ደስ ይለኛል። የውሃ ላይ ስኪ፣ ማለትም በጀልባ እየተጎተቱ በጣውላ ውሃ ላይ መንሸራተት፣ የተወለደው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ በበርሜል ጣውላ ሞከረ፤ አልሆነም። በበረዶ ስኪ ሞከረ፤ እሱም አልሆነም። ከዚያ ሰፋ ያሉ ጣውላዎች አመጣና ጫፋቸውን በፈላ ውሃ አለስልሶ ወደ ላይ ቆለመማቸው። ወንድሙ በጀልባ እየጎተተው ደጋግሞ ወደቀ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ የስኪውን ጫፍ ከውሃው በላይ ሲያደርግ ቆመ። ዛሬም ለጀማሪ የሚነገረው ይኸው ነው።

እኛ ግን መቆም አቃተን። ጥፋቱ የጀልባዋ ነበር።

ጀልባዋ የጓደኛዬ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች የስኪ ጀልባ ስትሆን ሞተሯ መሀሏ ላይ ተቀምጧል፤ 5.8 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር)፣ ባለ አራት በርሜል ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል አራት የአየር ጉሮሮ ያለው። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው ዝም ብሎ ሲሠራ፣ ምንም አይወጣለትም። ነዳጅ መስጫውን ገፋ ሲያደርጉት ግን ይታነቃል። ሊጠፋ ይደርስና ድንገት ይፈናጠራል። ለነጂው ይህ የሚያናድድ ነገር ነው፤ ውሃ ውስጥ ገመድ ይዞ ለሚጠብቀው ሰው ግን ከዚያ የባሰ ነው። ገመዱ ሊያነሳው በሚገባበት ቅጽበት ይረግባል፤ ወዲያው ደግሞ ክንዱን ሊነቅል ይመጣል። እህቴ ሁለቱንም ቀመሰች። ትከሻዋን ይዛ ስትወጣ በጣም ተናደድኩ።

ሌሊቱም አልተመቸኝም። ባቡር በሐይቁ በሁለቱም ዳርቻ ያልፋል፤ ያረፍንበት ሞቴል ደግሞ ከሐዲዱ ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባ የሰፈር ውሻ ሲጮህ ያድራል፣ እኔም እተኛለሁ። የባቡር ጥሩምባ ግን ሌላ ነው። ልክ እንቅልፍ ሲወስድህ ጠብቆ የሚመጣ ይመስላል።

ጠዋት አንድ ጋራዥ ሄድን። ሰውየው የሞተሩን ክዳን እንኳ አልከፈተም። «አዲስ ካርቡሬተር ያስፈልጋችኋል» አለ። ከነሥራው ከ1,000 ዶላር በላይ፣ ያውም ለሚቀጥለው ሳምንት። ለምን ብንለው «አርጅቷል» ብቻ አለን። አርጅቷል ማለት ምርመራ አይደለም። ገንዘቡ ሳይሆን ይህ ነው ያበሳጨኝ።

የረዱን ጀልባ ማውረጃው ላይ ያገኘናቸው ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸው የጀልባ ሞተር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ታሪኩን ሰሙና «መቼ ነው የሚያቅማማው?» አሉ። ከዚያ በፊት ማንም ይህን አልጠየቀንም። መልሱ ግን ግማሽ ምርመራ ነው። ነዳጅ እንደተሰጠው ወዲያው ታንቆ ከዚያ የሚሻለው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የካርቡሬተሩ የማፍጠኛ ፓምፕ ነው፤ መስጫው ሲገፋ ተጨማሪ ቤንዚን የሚረጨው። ደህና ተነስቶ በሙሉ ፍጥነት ላይ የሚደክም ከሆነ ግን ቤንዚን እያነሰው ነው፤ የተዘጋ ማጣሪያ፣ የታንኩ መተንፈሻ፣ ወይም ታንኩ መውጫ ላይ ያለችው የቤንዚን ማገጃ ቫልቭ ይታያል። ከማንኛውም ነገር በፊት የታንኩን ክዳን ላላ አድርጎ መሞከር ይቻላል። ለውጥ ካመጣ መተንፈሻው ተዘግቷል ማለት ነው።

የእኛ እንደተነካ የሚታነቅ ነው። ሞተሩ ጠፋ፣ የሞተሩ ክፍል ተናፈሰ። ከካርቡሬተሩ አናት የእሳት መከላከያውን ወንፊት አነሱና ባትሪ እያበሩ ነዳጅ መስጫውን በእጃቸው ገፉት። በዚያች ቅጽበት ሁለት ቀጭን የቤንዚን ጅረቶች መርጨት ነበረባቸው። የእኛ ዘግይቶ ጠብ አለ።

ምክንያቱን ሲያስረዱን ደስ አለኝ። መስጫው ድንገት ሲከፈት አየር ወዲያው ይገባል። ቤንዚን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ኋላ ይቀራል። ያቺን ክፍተት የሚሞላው ፓምፑ ነው። ፓምፑን የሚሠራው ደግሞ አንድ የጎማ ዲያፍራም (ስስ ሽፋን) ነው፤ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሽማግሌው ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረውን አልኮል፣ ኤታኖልን፣ ይከሳሉ። እዚህ በየማደያው የሚሸጠው ቤንዚን 10 በመቶ ኤታኖል አለው፤ ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮ ጎማም አይወድም። ለጀልባና ለአሮጌ መኪና ሚኒሶታ ውስጥ ኤታኖል የሌለው ቤንዚን መግዛት ይፈቀዳል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለእንዲህ ያለ ሞተር ግን ያዋጣል።

ዲያፍራሙ ከ20 ዶላር በታች ነበር። አራት ብሎን ተፈታ፣ ተቀየረ፣ ታሰረ። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ በፓምፑ ክንድና በብሎኑ መሀል ወደ 0.4 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት ተዉለት። ማጣሪያውንም ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥነው፤ ታች ጥቂት ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። ገንዘብ ስንዘረጋ እጃችንን መለሱት።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። የመኪና ካርቡሬተር ርካሽ ስለሆነ እሱን ግጠሙ የሚል ምክር ሰምተን ነበር። አይሆንም። የጀልባ ካርቡሬተር ቤንዚን ሲሞላበት ትርፉን ወደ ሞተሩ ጉሮሮ ይመልሳል፤ የመኪናው ወደ ውጭ ያፈሳል። መኪና ላይ ትነቱን ንፋስ ይወስደዋል። ጀልባ ውስጥ ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ አንዲት ብልጭታም ትበቃዋለች። ዲናሞውና ማስነሻ ሞተሩም የጀልባ መሆን ያለባቸው ለዚሁ ነው። ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሞተሩን ክፍል የሚያናፍሰው ፋን አራት ደቂቃ ይሥራ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሰዓት ይዘን ነው የጠበቅነው።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ነዳ፣ እኔ ወደ ኋላ ዞሬ የምትጎተተዋን እህቴን የማይ ጠባቂ ሆንኩ። የሚኒሶታ ሕግ ጠባቂ ወይም ወደ ኋላ ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ መስታወት ይጠይቃል። እህቴ «ሂድ!» አለች። ሞተሩ ሳያቅማማ ሳበ። ገመዱ አልረገበም። ተነስታ ቆመች፤ እየጮኸች ነበር፣ እኔም እየጮህኩ ነበር።

ስንወጣ የጀልባዋን ውታፍ ነቅለን ውሃውን አፈሰስን። ይህም እዚያ ሕግ ነው፤ ዜብራ መስል የሚባለው ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ ወራሪ የውሃ እንስሳ ወደ ሌላ ሐይቅ እንዳይሄድ ነው። ወደ ከፍተኛ ዙር ሲደርስ ሞተሩ አሁንም አልፎ አልፎ ሚስ ያደርጋል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጓደኛዬ ካንዴላዎቹንና ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ሊያይ ነው። ክዳኑ ውስጥ ዝገት ካገኘ ከሁሉ በፊት እሱን እንዲቀይር ነግሬዋለሁ።