ዊንዶውስ ኤክስፒን አዲስ ላፕቶፕ ላይ ማስነሳት፦ እስካሁን የደረስኩበት

አራት ኪሎ አካባቢ ጽሕፈትና ኅትመት የምንሠራ ሰዎች ይህን ችግር በደንብ እናውቀዋለን። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ መጽሐፍ ወይም የዕድር መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይመጣል፤ አዲሱ ላፕቶፕ ሲከፍተው ገጹ በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ፎንቱን መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለማረም ግን መጻፊያው ራሱ ያስፈልጋል፤ እኔ ጋ ያለው ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ እሺ አላለም። በነገራችን ላይ ብዙ የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች መጫኛቸው 16 ቢት ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት ፕሮግራም ጨርሶ አያስነሳም። 11 ደግሞ በ32 ቢት አልወጣም። ስለዚህ መጻፊያው የሚሠራበትን የድሮውን ዊንዶውስ ኤክስፒ ማስነሳት ነበረብኝ።

የድሮ ዊንዶውስ ቀጥታ የላፕቶፑ ዲስክ ላይ መጫንስ? ለማየት ያህል አንድ ትርፍ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 7ን ሞከርኩ። ቋንቋ ምረጥ የሚለው ገጽ ድረስ ቆንጆ ሄደ፤ ከዚያ ማውሱም ኪቦርዱም ሞተ። የ7 መጫኛ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር የለውም፤ ከኢንቴል 6ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ ማሽኖች ደግሞ ዩኤስቢውን የሚያዙት በዚያ ብቻ ነው። ድራይቨሩን መጫኛው ውስጥ ብታስገቡለትም ኤንቪኤምኢ የሚባለውን አዲሱን የዲስክ ዓይነት አያየውም፤ ለሱም ሌላ ማሟያ ይፈልጋል። ኤክስፒ ይብሳል፦ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው፣ በዩኢኤፍአይ (በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ማስነሻ) ብቻ የሚነሳ ማሽን ላይ መግቢያ በር የለውም። ትርፍ ሰዓት ላለው ሰው ደስ የሚል ትግል ነው። ደንበኛ በር ላይ ለሚጠብቀው ግን አልመክርም።

ስለዚህ ቨርቹዋልቦክስ፦ በዊንዶውስ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያስነሳ ፕሮግራም። ለኤክስፒ 1 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ዲስክ ሰጠሁት፤ ይበቃዋል። የዲስኩን ማገናኛ ሳታ ሳይሆን የድሮውን አይዲኢ አድርጉት፤ ኤክስፒ የሳታን ድራይቨር ይዞ አልመጣምና በሰማያዊ ስክሪን ይቀበላችኋል። ኔትወርኩን አጥፍቼዋለሁ፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ነው፣ ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣው ጉዳይ የለም። ፋይል የሚያልፈው በሼርድ ፎልደር (ላፕቶፑና ኤክስፒው በጋራ በሚያዩት ፎልደር) ብቻ ነው።

ከተጫነ በኋላ ግን ጽሑፉ እንደ ቀንድ አውጣ ይሄድ ነበር። ከመስኮቱ ግርጌ፣ በስተቀኝ፣ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ አለች። ጌጥ እንዳትመስላችሁ፦ ሃይፐር ቪ የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ በርቷል፣ ቨርቹዋልቦክስም በሱ በኩል እየሠራ ነው ማለቷ ነው። ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ሃይፐር ቪንና ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምን፣ ሴኩሪቲ ውስጥ ደግሞ ሜሞሪ ኢንተግሪቲን አጥፍቼ ላፕቶፑን እንደገና ሳስነሳው ኤሊዋ ሄደች፤ ኤክስፒም እፎይ አለ። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚጠፋው የመከላከያ አጥር ስለሆነ ይህን የማደርገው ለዚሁ ሥራ በተለየ ማሽን ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ የኤክስፒው ዲስክ ቢበላሽ የምመለስበት ስናፕሾት (የነበረበት ሁኔታ ቅጂ) ይዣለሁ።

ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ የድሮ ረቂቃቸውን ይዘው የመጡ አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ ተበላሽቷል እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ አልተበላሸም ጋሼ፣ የሚያነበው ነው የጠፋው» ብዬ ኤክስፒው ውስጥ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ያዩት የትየባ ግድፈት ነው፤ እዚያው አረምነው።

አሁን የያዘኝ የድሮዎቹን ፋይሎች አዳዲስ ኮምፒውተሮች ወደሚያነቡት የፊደል ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ መቀየሩ ነው። የአንድ ድሮ ፎንት ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ 33 በ7 ብቻ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠር። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠማል፤ አንድ ለአንድ የሚተካ መቀየሪያ እዚያ ላይ ይሳሳታል። እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት አንቀጽ ከሆነማ እንግሊዝኛውንም ግዕዝ ያደርገዋል። ስለዚህ ፎንቱን እያየ የሚለይ የዎርድ ማክሮ (ዎርድ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) እየጻፍኩ ነው፤ ተራውን ጽሑፍ በደንብ ይዞታል፣ የግርጌ ማስታወሻ ግን ገና አልነካም።