ከቤዛዊት እስከ ጢስ ዓባይ፦ በአንዲት ትሬል ሳይክል ቁልቁል

የሳይክሌን ሳጥን ከፍቼ የፊት ጎማውን ገጥሜ ሳሽከረክረው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ዲስክ የፍሬኑን ሸራ «ሺክ… ሺክ…» እያለ ይነካል። ከአዲስ አበባ ስነሳ ደህና ነበር። መንገድ ላይ ማን እንደ ጣለው አላውቅም፤ በትልቁ «በጥንቃቄ ይያዝ» ብዬ የጻፍኩበት የሳጥኑ ጎን ግን ወደ ውስጥ ተጨርምቷል። ከአየር ማረፊያው ያመጣኝ ባጃጅ ደግሞ «ሳጥኑም እንደ ሰው ነው የሚከፍለው» ብሎ 800 ብር ተቀብሎኛል። የሆቴሉ ዘበኛ እጥፍ መክፈሌን ሲነግረኝ የባሕር ዳር የመጀመሪያ ሰዓቴ በንዴት አለቀ።

ንዴቴን ያበረደልኝ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ዛፍ ሥር ሳይክል የሚጠግን ወጣት ነው። ዲስኩን ገና ሲያየው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበና «እህት፣ ይሄ ዘይት የነካው እጅ አይነካውም አይደል?» አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ጠጋኝ ገጥሞኝ አያውቅም። ዲስኩን ትንሽ ቅባት ከነካው የፍሬን ሸራው ይመጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ይጮሃል እንጂ አይዝም። እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጠበ። በሸራውና በዲስኩ መካከል ነጭ ወረቀት አስገብቶ ጎማውን በቀስታ እያዞረ፣ የሚነካበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገ። መፍቻውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ምልክቱ ላይ ገፋ አደረገው፤ ትንሽ። አዞረው፤ አየው። አሁንም ትንሽ። አርባ ደቂቃ ፈጀበት፤ 100 ብር ብቻ ጠየቀኝ።

እዚያ ተቀምጬ ስጠብቅ ያየሁት ነገር አስቀናኝ። ተማሪዎች ደብተራቸውን ከኋላ አስረው፣ አንዲት እናት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ልጇን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ በሳይክል ያልፋሉ። ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም። እኔ ሰፈሬ ውስጥ ሳይክል ላይ በወጣሁ ቁጥር አንድ የሚናገረኝ ሰው አላጣም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አልለመድኩትም። ባሕር ዳር ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሴት በመሆኔ አንድ ሰው እንኳ አልተናገረኝም።

የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። ሳይክሌ ትሬል የሚባለው፣ ለዳገቱም ለቁልቁለቱም የሚሆን የተራራ ሳይክል ነው፤ ምቱን የሚውጠው የፊት አሞርዛተር 140፣ የኋላው 130 ሚሊሜትር ይወርዳል። አልፎ አልፎ ቁልቁለት መውረድ ስለምወድ ጓደኞቼ «ለቁልቁለት ብቻ የተሠራ የዳውንሂል ሳይክል ፈልጊ» ሲሉኝ ከርመዋል። የዳውንሂሉ ፊትም ኋላም 200 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል፣ የፊት እግሩ እንደ ሞተር ሳይክል ወደ ፊት የተዘረጋ ነው፤ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ16 ኪሎ ያልፋል። ድንጋይ ላይ ሲወርድ ወደር የለውም። ግን ያ ሳይክል የተሠራው ወደ ተራራው ጫፍ በተንጠልጣይ ወንበር ወይም በመኪና ለሚወሰድ ሰው ነው። እኛ አገር የወረዱትን በእግር ጉልበት መልሶ መውጣት ነው። ስለዚህ ያለኝን ሳይክል እስከ የት እንደሚያደርሰኝ ማወቅ ፈልጌ ነው ከመስቀል ማግስት የተነሳሁት።

መጀመሪያ የወጣሁት ቤዛዊት ነው። ኮረብታው ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ፤ ወደዚያ ካሜራ ማዞር አይቻልም፣ ጠባቂውም ገና ከሩቅ በእጁ ነገረኝ። ከላይ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በለምለሙ መሐል ሲጠማዘዝ፣ ወዲያ ደግሞ አዲሱ ድልድይ ይታያል። የወጣሁት በመኪና መንገዱ ነው፤ የወረድኩት ግን ፍየሎች ባወጡት የጎን መንገድ፣ ኮርቻዬን እስከ ታች አውርጄ፣ ፊትን የሚሸፍነውን ሄልሜት አጥልቄ።

ገና ሁለተኛው እጥፋት ላይ የሳይክሉ አፍንጫ ዘቅ አለ። ፍሬን ስይዝ የፊት አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ይሰምጣል፤ እኔም ወደ መሪው እንሸራተታለሁ። ቆሜ አየሁት። አሞርዛተሩ ላይ የምትንሸራተት አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች፤ ምን ያህል እንደ ወረደ የምትመሰክረው እሷ ናት። እስከ ጫፍ ወርዳለች። ምክንያቱ ገባኝ፦ እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ሥሩን እንዲያለዝብልኝ ብዬ አየሩን አሳንሼዋለሁ፤ ገና ስቀመጥበት ብቻ ሠላሳ በመቶውን ይወርድ ነበር። ለዳገትና ለሜዳ ይመቻል። ቁልቁል ግን ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚመጣ የቀረው አይበቃም። ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩና በትንሿ መንፊያ የአየር ግፊቱን 8 ፒኤስአይ ጨመርኩ። አሞርዛተሩ ተመትቶ ሲመለስ እንዳይፈናጠር መመለሻውን ሁለት ቁጥር አዘገየሁት። እንደገና ወጣሁ። በሁለተኛው ዙር ያ እጥፋት ሌላ ቦታ መሰለኝ! አራት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ፤ በአራተኛው ቀለበቷ ከጫፍ ሁለት ጣት ቀርቷት ቆማለች። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሌሊቱ ግን መጥፎ ነበር። አልጋው ላይ የተሰቀለው አጎበር በእግርጌ በኩል ተቀዷል። ከክረምቱ ማግስት ሐይቁ ዳር ወባ ያለበት ጊዜ መሆኑን ስለማውቅ ቀዳዳውን በሳይክል ማሰሪያ ላስቲክ ቋጥሬ ተኛሁ፤ ትንኞቹ ግን እኔ የማላውቀው መንገድ አግኝተው ገቡ። ሙቀቱም አላስተኛ አለኝ። እኔ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ የምተኛ የሽሮ ሜዳ ሰው ነኝ።

በማግስቱ ሳይክሌን ሚኒባስ ጣራ ላይ አሥሬ ወደ ጢስ ዓባይ ሄድኩ፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማዋ ወደ አላታ ድልድይ የሚወርደው የእግር መንገድ ነው ያስመጣኝ። ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ወደዚያ የሚወርደው መንገድ ደግሞ የአህያ ኮቴ ያለሰለሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። አካባቢው ሁሉ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ የጣናን ደቡብ ገድቦ ሐይቅ እንዲሆን ያደረገውም ይኸው ፍሳሽ ነው። የተረገጠው ድንጋይ ለስላሳ ነው። ከመንገዱ ዳር ያለው፣ ሰው ያልረገጠው፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው።

መንገዱ የሰዎች መንገድ ስለሆነ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችና ጭነት ያላቸው አህዮች ሲመጡ ወርጄ ዳር እየያዝኩ አሳልፋቸዋለሁ። ባዶ ሲሆን ብቻ እለቀዋለሁ። ክርን ከፈት፣ ተረከዝ ዝቅ፣ ዓይን ከጎማው ሳይሆን አሥር ሜትር ወደ ፊት። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ላይ አልይዝም። አንድ ቦታ ደረቴ የሚደርስ እርከን ነበረበትና በእግሬ ወረድኩት። አምራቾች ሳይክልን ከ1 እስከ 5 ባለ ደረጃ ይመድባሉ፤ የእኔዋ 4 ናት፣ ከ122 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ዝላይ ነው የሚፈቀድላት። የዳውንሂሉ 5 ነው። ያንን ቁጥር ንቆ ብረት የሰበረ ሰው ስለማውቅ አልደፈርኩም።

መሐል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የፊት ፍሬኔ ነው። ዲስኬ 180 ሚሊሜትር ነው፣ ሸራውም ለስላሳው ዓይነት፤ ዝም የሚል፣ ለእንጦጦ ተስማሚ። እዚህ ግን ከፍርሃት የተነሳ ያለማቋረጥ ይዤው ስለ ወረድኩ ግሎ እጀታው ወደ መሪው መጠጋት ጀመረ። ቆምኩ። ውሃ ላፈስበት እጄ ቃጣና ተውኩት፤ የጋለ ዲስክ ውሃ ሲነካው ሊጣመም ይችላል፣ ያ ልጅ አርባ ደቂቃ የለፋበት ነው። አሥር ደቂቃ ጠብቄ ከዚያ በኋላ ጠበቅ አድርጌ ይዤ ፈጥኜ መልቀቅን ያዝኩ። እስከ ታች አልሸተተም።

ድልድዩ ሊታየኝ ሲል የኋላ ጎማዬ ከዳር ያለ ድንጋይ ላይ አረፈ። «ፍሽሽ» አለና ነጩ ፈሳሽ እግሬ ላይ ተረጨ። ፈሳሹ የእሾህ ቀዳዳ ይደፍናል፤ የተቀደደው ግን የጎማው ጎን ነው፣ የአውራ ጣቴን ያህል። ትርፍ የውስጥ ጎማ ይዣለሁ። ነገር ግን በቀዳዳው በኩል ተነፍቶ ስለሚወጣ ከውስጥ የሚደግፈው ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱን አልያዝኩም።

በሬዎቻቸውን ወደ ቤት የሚነዱ አንድ አባት ደረሱብኝ። የሽምብራ ማሳ ሲያርሱ ውለው ነው፤ እግራቸው እስከ ጉልበት መረሬ አፈር ነው።

«ምነው ልጄ፣ ወደቅሽ?»

«ኧረ አልወደቅኩም አባባ፤ ጎማው ተቀዶብኝ ነው።»

ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በቀዳዳው አስገቡ። ምንም ሳይሉ ከትከሻቸው ጠፍር አወረዱ፤ ቀንበር የሚጠፍሩበትን። ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል በቢላዋ ቆረጡና «ፀጉር ያለበት ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?» አሉኝ። ልስልሱ ወደ ውስጥ ጎማው እንዲሆን ነገርኳቸው፤ እንዳይፈትገው። ራሳቸውም አስበውት ኖሮ የቁራጩን ጠርዝ ዙሪያውን እየላጉ አሳሱት፣ ጥፍራቸው ላይ እየሞከሩ። ገባ፤ ነፋሁት፤ ያዘ። ብር ሳወጣ ፊታቸው ተለወጠ። «ለመንገደኛ ጠፍር ይሸጣል እንዴ? ይልቅ ሳይመሽ ውጪ።» በሬዎቹን አስቀድመው ሄዱ።

ፏፏቴው ሞልቶ ነበር። 40 ሜትር ያህል ይወረወራል፤ ከፊሉ ውሃ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ሲመነምን አይቼው አዝኜ ነበርና ዘንድሮ ተክሼ ተመለስኩ። መንገዱን ወደ ላይ ለመውጣት አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ፤ ግማሹን እየነዳሁ ግማሹን እየገፋሁ። ያንን ዳገት በ17 ኪሎ የዳውንሂል ሳይክል ሳስበው እዚያው በጠፍር አስሬ ትቼው የምመጣ ይመስለኛል። አየሩን ካስተካከልኩ ወዲህ 140 ሚሊሜትሩ አንሶኝ አያውቅም። ያነሰኝ የጎማ ጎንና የፍሬን ሸራ ነው። ለኋላ ጎኑ ወፍራም የሆነውን ጎማ፣ ለፍሬኑ ሙቀት የሚችለውን ብረት የተቀላቀለበት ሸራ፣ ለፊት አሞርዛተሩ ከፈቀደ 203 ሚሊሜትር ዲስክ እፈልጋለሁ። ጎማው 300 ግራም ያህል ይጨምራል፤ እንጦጦን ስወጣ ይሰማኛል፣ ይሁን።

ሦስተኛውን ቀን ለዘጌ ሰጠሁት፤ ሳይክሌን ግን አልወሰድኳትም። የዘጌ የቡና ጫካ መንገዶች ወደ ገዳማት የሚያደርሱ ናቸው፣ በጎማ ልጋልብባቸው ልቤ አልፈቀደም። ለጀልባው ከተነጋገርነው በላይ ተከፍሏል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉትን ሥዕሎች ካየሁ በኋላ መከራከሩ ቀረ።

ከመመለሴ በፊት ዛፉ ሥር ወዳለው ወጣት ሄድኩ። ዲስኩን አዞረና ጆሮውን አስጠጋ። ዝም ይላል። ከዚያ የኋላ ጎማውን በጣቱ ሲዳስስ ያበጠው ቦታ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠፍር ነው። ጢስ ዓባይ አንድ አባት የሰጡኝ።»

ጎማውን በሁለት እጁ ጨመቀው፣ አሁንም ጨመቀው። «ከጎማው ይቆያል» አለ። ሳጥን ውስጥ ስለሚገባ የጎማዎቹን አየር እንዲያስተነፍስልኝ ስጠይቀው የፊቱን አስተነፈሰና የኋላውን በግማሽ ተወው፤ ጠፍሩ እንዳይንሸራተት።