ጓንዡ፣ ቪዛ ካርዴና አልመጣ ያለው ኮድ

ልሄድ ሰሞን ቻይና የሚመላለስ ጓደኛዬ "ካርዱን አምነህ እንዳትሄድ፣ አሊፔይ አውርድ፣ ከቻልክ ዊቻትም ጨምር" አለኝ፣ ሁለቱም ቻይናዎቹ በስልክ የሚከፍሉባቸው አፖች ናቸው፣ እኔም እሺ ብዬ አወረድኩ፣ አፑ ስልኬ ላይ ቁጭ አለ፣ በቃ ጨረስኩ ብዬ ሻንጣዬን ወደ መሸከፍ ዞርኩ። አፑን ማውረድ ሌላ፣ ካርዱን ማስገባት ሌላ መሆኑ የገባኝ የቻይናዋ ከተማ ጓንዡ ከገባሁ በኋላ ነው። ቪዛ ካርድ ስል የባንኩን ነው፣ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈውንማ ስንት ደጅ ጠንቼ ነው ያገኘሁት፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ባይዩን ኤርፖርት እንደወረድኩ ሁለት ነገር አረኩ፣ አንዱ ጥሩ አንዱ ስህተት። ጥሩው ኤቲኤም ፈልጌ 2000 ዩዋን ማውጣቴ ነው። እንደ ባንክ ኦፍ ቻይና ያሉት የትልልቆቹ ባንኮች ማሽኖች ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላሉ፣ እንግሊዝኛ የሚለውን ነክተህ ፒንህን አስገብተህ ትወስዳለህ። ስህተቱ ደሞ የቻይና ሲም ገዝቼ የራሴን ሲም አውጥቼ ቦርሳ ውስጥ መወርወሬ ነው። ያቺን ጥፍር የምታክል ነገር በኋላ እንዴት አርጌ እንደፈለግኳት!

ሆቴሌ ሺያዎቤ ነው፣ አፍሪካዊ ነጋዴ የሚበዛበት ሰፈር። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ካርዴን ፖስ ማሽኑ ውስጥ ሰካችው፣ ማሽኑ ቆይቶ ቆይቶ እንቢ አለ፣ ድጋሚ ሰካች፣ ድጋሚ እንቢ፣ ከዛ ስልኳን ወደኔ አዞረች፣ ትርጉሙ "ዩኒየንፔይ ነው?" ይላል። ዩኒየንፔይ በ2002 የተቋቋመ የቻይናዎቹ የራሳቸው የካርድ ኔትወርክ ነው፣ ትልልቅ ሆቴሎች የውጭ ካርድ ይቀበላሉ፣ መካከለኞቹና ትንንሾቹ ጋ ግን ማሽኑ የሀገሩን ልጅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዲፖዚቱን ከኤቲኤሙ ብር ከፈልኩ። ያጂን ይሉታል ዲፖዚትን፣ የመጀመሪያዋ የቻይንኛ ቃሌ እሷ ሆነች።

ጠዋት ውሃ ልገዛ ወጣሁ። 2 ዩዋን። እኔ የያዝኩት ኤቲኤሙ የሰጠኝን ቀያዩን መቶ መቶ ነው፣ ባለሱቁ አንዷን ተቀብሎ ወደ መብራቱ አነሳት፣ አገላበጣት፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ ውስጡ የተጠቀለለ የቻርጀር ገመድና አንድ እስክሪብቶ አለ፣ ሳንቲም የሚባል የለም። መሳቢያው ራሱ ጡረታ ወጥቷል። ካሽ አልቀበልም ማለት እዛ ክልክል ነው፣ ማእከላዊ ባንኩ ደጋግሞ መመሪያ አውጥቶበታል፣ ሰውዬውም አልቀበልም አላለኝም እኮ፣ መልስ የለኝም ነው ያለው፣ ለጠማው ሰው ግን ያው ነው። በኋላ ነው የሰማሁት፣ ባንኮች ለእንግዳ ብለው ዝርዝር ብር በትንሽ ፖስታ አዘጋጅተው ይሰጣሉ አሉ። ያኔ አልሰማሁም፣ ውሃውን መልሼ አስቀምጬ ወጣሁ።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ አፑን ከፈትኩ። መጀመሪያ ስም፣ ስሜንና የአባቴን ስም አስገባሁ፣ አይሆንም አለ፣ ለካ ፓስፖርቴ ላይ ሰርኔም ተብሎ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው፣ ቃል በቃል እንደ ፓስፖርቱ መሆን አለበት። አያቴን አስገባሁ፣ አለፈ። ቀጥሎ የካርዱ ቁጥር፣ እሱም አለፈ። ከዛ "ባንክዎ የማረጋገጫ ኮድ ልኳል" የሚል መጣና ከ60 ጀምሮ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። 59፣ 58... ዜሮ ደረሰ፣ ምንም የለም። ድጋሚ ላክ አልኩ። ምንም። ድጋሚ። ለካ ኮዱ የሚሄደው ባንክ ስመዘገብ ወደሰጠሁት ቁጥር ነው፣ ያ ቁጥር ደሞ ቦርሳዬ ውስጥ ከካልሲ ጋር ተኝቷል!

ሲሙን አስገባሁት፣ አሁንም ዝም። ለባንኬ ኢሜይል ልጻፍ አልኩ፣ ኢሜይሌ ጂሜይል ነው፣ ጂሜይል ደሞ በቻይና ሲምም በሆቴሉ ዋይፋይም አይከፍትም፣ ሌላ የኢሜይል አድራሻ ከየት ከየት ፈልጌ ጻፍኩላቸውና ከሁለት ሰዓት በኋላ መልስ መጣ፣ "በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ቅርንጫፋችን ይቅረቡ"። ስክሪንሾት አርጌ አስቀምጬዋለሁ፣ ሲከፋኝ እያየሁ እስቃለሁ።

ያዳነኝ ሎቢ ላይ ነው። አንዲት ሀበሻ እናት፣ ለእቃ የመጡ ነጋዴ፣ ስልኬን እንደ ዳዊት ስደግም አይተው "ምን ሆነህ ነው ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "የቻይናውን ሲም ጭራሽ አውጣው፣ ያንተን ብቻ አስገባ፣ ከዛ ኔትወርኩን እሱ እስኪመርጥልህ አትጠብቅ፣ በእጅህ ምረጥ፣ ከዛ አጥፍተህ አብራው። ዳታ አትክፈት፣ ይበላሃል፣ ለሜሴጅ ዳታ አያስፈልግም።" እሺ እናቴ ብዬ እንዳሉኝ አረኩ። ስልኩ ሲበራ ትንሽ ዝም አለና ጢው፣ ጢው፣ ጢው፣ 7 ኮድ በተከታታይ ገባ፣ ሰባቱም ጊዜያቸው ያለፈ። 8ኛውን ጠየቅኩ፣ ገባ፣ ካርዱ ተያያዘ። ሴትዮዋ ግን ሻይዋቸውን ይዘው ሄደዋል፣ ለሳቸው ተራ ነገር ነው።

ከዛ በኋላ ያለው ቀላል ነው፣ እንዲያውም ያዝናናል። ወይ አንተ የነሱን ኪውአር ኮድ ስካን ታረጋለህ ወይ እነሱ ያንተን፣ ያንተ በየደቂቃው ይቀያየራል። ሆቴሉ አጠገብ በጋሪ ሙዝ የሚሸጥ ሰውዬ አለ፣ ኮዱ በላስቲክ ተለብጦ ጋሪው ላይ በሲባጎ ታስሯል፣ ሰማያዊው የአሊፔይ፣ አረንጓዴው የዊቻት። ስካን አርጌ 8 ብዬ ጻፍኩና ነካሁት፣ ወዲያው ከጋሪው ስር ካለች ትንሽ ስፒከር የሴት ድምፅ "ዢፉባዎ ዳውዣንግ" ብሎ ብሩን ጠራ። 8 ዩዋን ገብቷል ማለቷ ነው። ሰውዬው ዞር ብሎም አላየኝ፣ ሙዙን እየቆረጠ ሰማት፣ በቃ። ውሃውንም ሄጄ ገዛሁት፣ ባለሱቁ አስታውሶኝ ሳቀ።

አሁን ወደሚያስቀው ልምጣ። የውጭ ካርድ አስገብተህ ስትከፍል እስከ 200 ዩዋን ድረስ ኮሚሽን የለም፣ ከ200 ካለፈ ግን በጠቅላላው ላይ 3 ፐርሰንት ይጨምራል። ጅምላ ገበያ ውስጥ የ1150 ዩዋን እቃ ያዝኩ፣ ልጅቷ ኮዷን ሰጠችኝ፣ አልሰራም፣ የሰጠችኝ የግሏን ኮድ ነው፣ እኔ በነበርኩበት ጊዜ በውጭ ካርድ የምትከፍለው ለነጋዴ ኮድ ብቻ ነበር፣ ለሰው ማስተላለፍ የለም። ከጎረቤት ሱቅ የነጋዴ ኮድ ተውሳ መጣች። እኔ ደሞ 3 ፐርሰንቱን አሰብኩት፣ 34 ዩዋን ተኩል፣ ለምን ከፍላለሁ፣ ሁለት መቶ ሁለት መቶ እያረኩ ብቆራርጠውስ? አንድ 200፣ ስፒከሩ ጠራ። ሁለተኛ 200፣ ጠራ። ልጅቷ አየችኝ። ሦስተኛ። የጎረቤቱ ባለሱቅ አንገቱን አስግጎ መጣ። አራተኛ 200፣ ጠራ፣ አምስተኛው ላይ ቀጥ አለ። ባንኬ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ተመሳሳይ ብር ሲወጣ አይቶ ሌባ ነው ብሎ ካርዱን ዘግቶታል። ኮድ ለመላክ ግማሽ ቀን የፈጀ ባንክ ለመዝጋት ሴኮንድ አልፈጀበትም! "ይህን ክፍያ የፈጸሙት እርስዎ ነዎት?" የሚል ሜሴጅ መጣ፣ ደግነቱ ሲሜ በቦታዋ ነበረች፣ አዎ ብዬ መለስኩ፣ እስኪከፈት ግን ልጅቷን ማስቆም አልቻልኩም፣ የቀረውን 350 ከቀያዮቹ አራት አውጥቼ ሰጠኋት፣ 50 መለሰችልኝ።

በነገራችን ላይ በ2023 ነው ሁለቱም አፖች የውጭ ካርድን በሰፊው የከፈቱት፣ በ2024 ደሞ የአንድ ጊዜ ጣሪያው ከ1000 ወደ 5000 ዶላር፣ የአመቱ ከ10,000 ወደ 50,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ለኔ ቢጤው ጣሪያው ሩቅ ነው። አንድ ሌላ ነገር፣ ፖስ ማሽን "በዩዋን ነው በራስህ ሀገር ገንዘብ?" ብሎ ከጠየቀህ ሁሌም ዩዋን በል፣ ያኛው በራሱ ምንዛሬ አስልቶ ነው የሚነጭህ።

ያቺ 50 ዩዋን በማግስቱ ጉድ ሰራች። ፓዡ ሄጄ ነበር፣ ካንቶን ፌር የሚባለው ከ1957 ጀምሮ በየአመቱ ሁለት ጊዜ የሚካሄደው ኤግዚቢሽን ያለበት፣ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሳነሳ፣ ስካን ሳረግ፣ ሳስተረጉም ዋልኩና ባቡር ጣቢያው በር ላይ ስልኬ 2 ፐርሰንት። ፓወር ባንክ የሚከራይበት ማሽን ፊቴ ቆሟል፣ ለመከራየት ግን በስልክ ስካን ማድረግ አለብህ! ስካን ለማረግ ሳነሳው ጠፋ። እንዲህ ጥቁር ስክሪን ይዤ ቆሜ የቀረኝ ያቺ 50 ናት። ጣቢያው መስኮት ጋ ሄጄ ሰጠኋቸው፣ ያለምንም ማንገራገር ዘረዘሩልኝ፣ ከማሽኑ ክብ የፕላስቲክ ቶክን ገዛሁ። ካርታ የለ፣ ትርጉም የለ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የመስመር ካርታ በጣቴ ቆጠርኩ፣ በ8 ቁጥር እስከ ኬፁን፣ በ3 ቁጥር እስከ ዡጂያንግ ኒው ታውን፣ ከዛ በ5 ቁጥር ሺያዎቤ። ሁለቴ ቀይሬ ደረስኩ፣ ቶክኗን በሩ ዋጣት።

ሎቢው ውስጥ ሴትዮዋ እቃ እየጠቀለሉ ነው። "ዛሬስ ኮዱ መጣ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። የጠፋውን ስልኬን አሳየኋቸው። ሳቃቸውን አፍነው ከቦርሳቸው ቻርጀር አወጡና "እዛች ጋ ሶኬት አለች፣ ግን ስትጨርስ መልስ" አሉኝ።