ጥቁር የወጣው ውሃ

ሐዋሳ፣ የአንድ ሴቶች ትምህርት ቤት የሳይንስ ሳምንት መዝጊያ። ጥያቄና መልሱም መረብ ኳሱም አልቋል፤ ሰው የተሰበሰበው ከባለ 2 ሊትር ሃይላንድ የተሠራች የውሃ ማጣሪያ ጋ ነው። የሐይቁ ውሃ ተጨመረባት። ከታች የወጣው ከገባው ጠቁሮ! ሳቅ በሳቅ።

ማጣሪያዋን የሠራችው ልጅ አልደነገጠችም፤ ፈታችው። ከሰሉ ተወቅጦ ሳይታጠብ ነው የገባው። አሸዋውም ከሰሉም እጣቢው ጥርት እስኪል መታጠብ አለበት። ከዚያ ቂጡ የተቆረጠው ሃይላንድ ይገለበጣል፤ አፉ ላይ ጥጥ፣ በላዩ ከሰል፣ ደቃቅ አሸዋ፣ ሻካራ አሸዋ፣ መጨረሻ ጠጠር። ውሃው ከተንደረደረ በጎን ሾልኳል ማለት ነው፤ ጠብ ጠብ ነው የሚፈለገው። ሁለተኛው ዙር ጠራ። (ጠራ ማለት ግን ይጠጣል ማለት አይደለም፣ መፍላት አለበት።)

አንዲት እናት ጠጋ ብለው "የኔ ልጅ፣ ጥርስ የሚያበልዘውንስ ያስቀራል?" አሏት።

"አያስቀርም እማማ። ፍሎራይድ በእንጨት ከሰል አይያዝም። ቢያፈሉትም ውሃው ይተናል እንጂ እሱ እዚያው ነው። የሚይዘው የአጥንት ከሰል ነው።"

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ የሚያልፉ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው።

ዳኞቹ ሁለተኛ አደረጓት። ለዚያች "አያስቀርም" ብቻ አንደኛ ይገባት ነበር።