«መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ነው ያወጣሁት»

ተከላካይ ጠበቃ ነኝ። መሃል አዲስ አበባ ካሉት የወንጀል ችሎቶች በአንዱ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች እከራከራለሁ። ሥራው ጥድፊያ ነው። ጠዋት መዝገብ ይደርሰኛል፣ ደንበኛዬን ኮሪደር ላይ ከፖሊሱ አጠገብ አገኘዋለሁ፣ ሁለት ሦስት ቃል እንለዋወጣለን፣ ከዚያ ወደ ችሎት።

ልጁን ከዚያ ቀን በፊትም አውቀው ነበር። ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው። አንዴ በስልክ፣ አንዴ ሱቅ ደጃፍ በተሰቀለ ጃኬት ተከሶ መጥቷል። ሁሌም «አዎ፣ ወስጃለሁ» ይላል። ተከሳሽ ካመነ ደግሞ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፍርድ ቤቱ ምስክር መስማት ሳያስፈልገው እዚያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። የቅጣት አስተያየት ይሰማል፣ ጥቂት ወራት ይፈረድበታል፣ ይታሰራል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። ማመን ቅጣት ያቀልላል፤ ስለዚህ ማንም አይከፋም። የሚያምን ሰው ግን ብዙ አይጠየቅም። ብዙ ያልተጠየቀ ሰው ሕመሙ አይታይም።

በዚያ ቀን የቀረበበት ክስ የመኪና ስፖኪዮ ነበር። ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና መውረጃ ላይ ከቆመች ቪትዝ ነቅሎ ሲሄድ ተያዘ ይላል ክሱ።

«ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» አሉት ዳኛው።

«ፈጽሜያለሁ።»

«እንዴት አድርገህ ወሰድከው?»

«አልወሰድኩትም። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ነው ያወጣሁት። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰድበኝ ነበር።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዐቃቤ ሕጓ እንኳ አንገቷን ደፋች። ዳኛው አልሳቁም። ኤግዚቢቱ እንዲቀርብ አዘዙ፣ ፖሊሱም አንድ ጥቁር ፌስታል ከፍቶ አሳያቸው። ውስጡ ያለው ስብርባሪ ነው። ስፖኪዮ የሚሸጥ ሌባ መስታወቱን እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው፤ ከተጫረ ገዢ የለውም። ይኼኛው በድንጋይ ተፈጭቷል። ይኸው ፌስታል በምርመራ መዝገቡ ላይ «አንድ ስፖኪዮ» ተብሎ ነው የተጻፈው።

ተነሥቼ ደንበኛዬ በባለሙያ እንዲመረመርልኝ ጠየቅሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 ለዚሁ የተጻፈ ነው። ተከሳሹ ለድርጊቱ ኃላፊ መሆኑ ካጠራጠረ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ማግኘት አለበት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን አንቀጹ የአእምሮ መታወክን ብቻ አይደለም የሚያነሣው። በአልኮል ወይም በሌላ ነገር ሥር የሰደደ ስካርንም ይጨምራል። ማለትም ሕጋችን ሱስንም ጭምር «ባለሙያ ይየው» ብሏል። የሚጠይቅ ሲኖር ነው እንግዲህ።

ከችሎት ስወጣ እናቱን አገኘኋቸው። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ጧፍ ይሸጣሉ።

«እማማ፣ ለብቻው ማውራት የጀመረው መቼ ነው?»

«አሥራ ሁለተኛን ሳይጨርስ ነው ልጄ። ለክፎት ነው ብዬ እንጦጦ ጸበል ወስጄዋለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለፖሊስ ለምን አልነገሩም?»

ነጠላቸውን ሰበሰቡና ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱልኝ። «እብድ ከሚሉት ሌባ ቢሉት ይሻለዋል። ሌባ ተፈቶ ሚስት ያገባል። አማኑኤል የገባን ማን ይድርለታል?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ልጃቸውን አማኑኤል ከሚልኩት ቃሊቲ ስንቅ ቢያመላልሱ የሚመርጡ እናቶች በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ገጥመውኛል። እንደ እውነቱ ከሆነ ሒሳባቸው ስሕተት አይደለም።

ምርመራው ጊዜ ወሰደ። የመጣው ውጤት ሁለት ነገር ይላል። ልጁ የቆየ የአእምሮ ሕመም አለበት፤ ጫትና አረቄው ደግሞ ያባብሱበታል። ራሱን የመቆጣጠር አቅሙ ተጎድቷል እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ይህ በእኛ ሕግ አንቀጽ 49 ማለት ነው፤ በከፊል ኃላፊ ነው። ሙሉ በሙሉ ኃላፊነት የሌለው፣ በአንቀጽ 48 የሚታየው፣ አይቀጣም። ከፊል የሆነው ይቀጣል፣ ቅጣቱ ግን ይቀልለታል፣ ሕክምናም ሊታዘዝለት ይችላል።

ዳኛው ቅጣቱን በገደብ አደረጉት። ሕክምናውን እንዲከታተልም አዘዙ። እስከዚህ ድረስ ሌላም ዳኛ ያደርገዋል። እሳቸው ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የሕክምና ካርድህን ይዘህ እዚሁ ትቀርባለህ።»

መጀመሪያ ሲቀርብ «መድኃኒቱ እንዴት ነው?» አሉት።

«እንቅልፍ አገኘሁ። ግን ያስርበኛል። በልቼ አልጠግብም።»

«ለሐኪሙ ንገረው። እንዳታቆመው ብቻ።»

ከዚያ በኋላ ቀረ። ጫት ቤት ገብቶ ከርሞ በፖሊስ ተፈልጎ መጣ። ገደቡ ተነሥቶ ይገባል ብዬ ክርክሬን ሳዘጋጅ አምሽቼ ነበር። ዳኛው ግን አላስገቡትም። ቀጠሮውን አጠበቡት፤ በወር የነበረው በሳምንት ሆነ። ጥፋት ሲመጣ ማጥበቅ፣ መሻሻል ሲመጣ ማላላት። ልክ ፍሎሪዳ ውስጥ እንደሚደረገው።

ፍሎሪዳን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ማያሚ በክራክ ኮኬይን ስትናጥ፣ እዚያ ያሉ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎች ያዩት እኛ ዛሬ የምናየውን ነው፤ ያው ሰው፣ ያው ክስ፣ ያው እስር ቤት። ስለዚህ የአደንዛዥ ዕፅ ችሎት የሚሉትን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1997 እዚያው ፍሎሪዳ፣ ብሮዋርድ የምትባል አውራጃ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን ተመሳሳይ ችሎት ተከፈተ። አሠራሩ ተአምር የለበትም። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃውና የሕክምና ባለሙያው ከችሎቱ በፊት ተሰብስበው ስለ እያንዳንዱ ሰው ይነጋገራሉ። ከዚያ ሰውየው በየጊዜው ያው ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ሽንቱ ይመረመራል። ከተሻሻለ ችሎቱ ያጨበጭብለታል። አዎ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ጭብጨባ! ካበላሸ ጥቂት ቀን ሊታሰር ይችላል። ፕሮግራሙን ሲጨርስ እንደየቦታው ክሱ ይሰረዛል ወይም ቅጣቱ ይቀልለታል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ሰፊ ዳሰሳ በአደንዛዥ ዕፅ ችሎቶች ላይ የተሠሩ 154 ግምገማዎችን አንድ ላይ አይቷል። በሌላው መንገድ ከሄዱት መቶ አዋቂዎች ሃምሳው መልሰው ያጠፋሉ ቢባል፣ በነዚህ ችሎቶች ባለፉት ላይ ቁጥሩ ወደ 38 ገደማ ይወርዳል ነው የሚለው። ለወጣት አጥፊዎች በተቋቋሙት ላይ የታየው ለውጥ ግን በጣም አነስተኛ ነው። ቀላል ቁጥር አይደለም፤ ፈውስም አይደለም።

እንደ ጠበቃ ደግሞ አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ብዙዎቹ ችሎቶች ለመግባት መጀመሪያ ጥፋተኝነትን ማመን ይጠይቃሉ። ሰውየው ታሞ መሐል ላይ ቢያቋርጥ፣ ከመጀመሪያው ተከራክሮ ቢሸነፍ ኖሮ ከሚያገኘው የባሰ ቅጣት ሊጠብቀው ይችላል። ጠበቃውም ከዳኛውና ከዐቃቤ ሕጉ ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጠ በኋላ የማን ጠበቃ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ይሄን እንዳለ ገልብጠን እንትከል የሚል ሰው ቢመጣ ቆሜ እቃወማለሁ። ደግሞ የእኛ ነገር ኮኬይን አይደለም። የእኛዎቹ በጫት፣ በአረቄ፣ በማስቲሽ የተያዙ ናቸው። ጫትና አረቄ በራሳቸው አያስከስሱም፤ ክሱ የሚመጣው በስርቆት ወይም በድብድብ ነው። ስለዚህ ሱሱ መዝገቡ ላይ ጭራሽ አይጻፍም።

ያ ዳኛ ያደረጉት ግን አዲስ ሕግም አዲስ በጀትም አልጠየቀም። ካርዱን አይተው «በላህ? ተኛህ?» ብለው ይሸኙታል። ልጁም ችሎት ሊቀርብ ሲል ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቆልፎ መምጣት ጀመረ። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ያው ነው። ጸበሉንም እናቱ አላስቆሙትም፣ ሐኪሙም አልከለከለም። እኔ እንዳየሁት ልጁን መስመር ላይ ያቆየው የሚያውቀው አንድ ሰው፣ ስሙን ጠርቶ፣ በቀጠሮ መጠበቁ ነው።

ችግሩ ዳኛ ይዛወራል። እሳቸውም ተዛወሩ። አዲሷ ዳኛ መዝገቡን አገላብጠው «ይሄ ውሳኔ ያገኘ ጉዳይ ነው፣ ለምን ይቀርባል?» አሉ። ከወረቀቱ አንጻር ትክክል ናቸው። ክትትሉ የቆመው በአንድ ሰው ልማድ ላይ እንጂ በአሠራር ላይ አልነበረም። መዝገቡ ወደ ቤተ መዛግብት ተመለሰ።

ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ቢሮዬ በር ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ ቀጠሮ አልሰጡኝም።»

«ጉዳይህ አልቋል እኮ።»

«ታዲያ ካርዱን ለማን ነው የማሳየው?»

ለእኔ አሳየኝ አልኩት። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ። በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ባልደረቦቼ «ክብርት ዳኛ» እያሉ ያሾፉብኛል። አሁን አዲስ መዝገብ ሲደርሰኝ ከእምነት ክህደት ቃሉ በፊት ቤተሰብ ካለ ጠርቼ እንቅልፉን፣ ጫቱን፣ ለብቻው ማውራቱን እጠይቃለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ባለፈው ወር ልጁ ቀረብኝ። እናቱ ጋ ስደውል «የቀን ሥራ አግኝቶ ሲሚንቶ እያራገፈ ነው» አሉኝ። ደስ አለኝ። ቢሆንም ማክሰኞ ካርዱን ይዞ እንዲመጣ ነገርኳቸው።